የኮምፒውተር ኬዝ አመራረጥ በጎጃም፦ ቀለም፣ ቁስና ነፋስ

ኬዝ የኮምፒውተሩን ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ሰሌዳ)፣ ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን)፣ ሃርድ ዲስክና ፋኖች የሚይዘው ሣጥን ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ ሰው «ሲፒዩ» እያለ የሚጠራው ይህንኑ ሣጥን ነው። ገዢው ስሌቱን ስለሚሠራው ቺፕ ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ አጥብቆ ይጠይቅና ሣጥኑን ግን በመልኩ ይመርጣል። «ጥቁር ሙቀት ይስባል» የሚለው ወሬም ብዙ ሰው ነጩን እንዲወስድ ያደርጋል። እንደ ጎጃም ባለ ከፍታው በበዛ፣ በጋው አቧራማ በሆነ አገር ግን ኮምፒውተሩን ከቀለሙ ይልቅ የሚጠቅመውና የሚጎዳው የአየሩ መንገድ ነው።

አመጣጡ

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ጠረጴዛ ላይ የሚጋደም፣ ስክሪኑን በላዩ የሚሸከም የብረት ሣጥን ነበር። ወደ ክሬም የሚያደላው ቀለሙ ለሃያ ዓመት ያህል የቢሮ ኮምፒውተር ሁሉ መልክ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ ዓይን እንዳይደክም ፈዛዛ ቀለም ይመርጥ የነበረው የጀርመን የሥራ ቦታ ደንብ ነው የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ ምርጫው ከሙቀት ጋር አልተያያዘም። የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር የሚበላው ጥቂት ዋት ስለነበረ የራሱ ፋን እንኳ አልነበረውም፤ ሣጥኑን የሚያናፍሰው የፓወር ሰፕላዩ ፋን ብቻውን ነበር።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ልኬት ሲያወጣ የማዘርቦርዱ ብሎኖች፣ የፓወር ሰፕላዩና የኋላ መሰኪያዎቹ ቦታ ተወሰነ። ዛሬ ባሕር ዳር የተገዛ ኬዝ ከሌላ ከተማ የመጣ ማዘርቦርድ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ፔንቲየም 4 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ዘመን መጣ፤ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ከ100 ዋት በላይ መብላት ጀመረ። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2004 ቢቲኤክስ የተባለ ሌላ ልኬት አቀረበ፤ ከፊት የተገጠመ ትልቅ ፋን ንጹሑን አየር በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ይነፋል። ገበያው ስላልተቀበለው ብዙም ሳይቆይ ተተወ፤ ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን አንዳንድ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች በዚሁ አሠራር የተሠሩ ናቸው።



ቀለም

ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ቶሎ የሚሞቀው ከፀሐይ ጉልበት ግማሽ የሚጠጋው በዓይን በሚታይ ብርሃን ስለሚመጣ ነው፤ ጥቁሩ ይውጠዋል፣ ነጩ ይመልሰዋል። ከኬዝ የሚወጣው ጨረር ግን ሌላ ነው። 35 ዲግሪ የደረሰ ሣጥን የሚረጨው ጨረር የማይታይ፣ የሞገድ ርዝመቱ 9 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነ ነው። በዚህ ሞገድ ነጭ ቅብም ጥቁር ቅብም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ገጽ ሊረጨው ከሚችለው 90 በመቶ ያህሉን ይረጫሉ። እውነተኛው ልዩነት በተቀባና ባልተቀባ ብረት መካከል ነው፤ ሳይቀባ የተወለወለ አሉሚኒየም 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚያብረቀርቀው ሣጥን በጨረር ረገድ ከተቀባው ያንሳል።

ደግሞም በጨረር የሚወጣው ራሱ ጥቂት ነው። የሣጥኑ ገጽ ከክፍሉ በ5 ዲግሪ ቢሞቅ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚወጣው ከ30 ዋት አይበልጥም። ቀለም ቁም ነገር የሚሆነው ኬዙ መስኮት ሥር ተቀምጦ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ብቻ ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደጅ ያለ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ 1,000 ዋት ገደማ ይቀበላል፤ ከዚህ መስታወት አልፎ የሚገባው ጥቁሩን ኬዝ በእርግጥ ያግለዋል። መፍትሔው ግን ሣጥኑን ከመስኮቱ ማራቅ ነው።

ቁስ

አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ከብረት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ንጹሑ አሉሚኒየም በሜትር በዲግሪ 237 ዋት ሲያስተላልፍ ተራ ብረት 50 ገደማ ነው፤ መስታወት 1፣ ፕላስቲክና እንጨት ደግሞ 0.2 አካባቢ ናቸው። ሻጭ ይህን ቁጥር ይዞ አሉሚኒየም ያቀዘቅዛል ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ፕሮሰሰሩ ከኬዙ ግድግዳ ጋር አይነካካም፤ ሙቀቱ መጀመሪያ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ግድግዳ ነው የሚሄደው። አየር ደግሞ ሙቀት ለመስጠት ንፉግ ስለሆነ ግድግዳው አሉሚኒየም መሆኑ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የአሉሚኒየም ጥቅሙ ቅለቱና አለመዛጉ ነው። ብረቱም ቢሆን ዚንክ ከተለበጠና በደንብ ከተቀባ ጣና ዳር ሳይዝግ ይኖራል፤ ቅቡ የተፋቀበት ጠርዝ ግን መታየት አለበት።

በቁስ ረገድ እኛ ዘንድ ከቅዝቃዜ የሚበልጠው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋበት ቤት ወይም የመሬት መስመር በሌለው ዲቫይደር ላይ የተሰካ ኮምፒውተር ብረቱ ላይ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ሊያሳይ ይችላል፤ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ባሉት ማጣሪያ ካፓሲተሮች በኩል የሚያልፍ ነው። ኤሌክትሪኩ በጣም ትንሽ ቢሆንም በባዶ እግሩ ሲሚንቶ የረገጠ ሰው የኬዙን ብሎን ሲነካ ይነዝረዋል። የተቀባ ገጽ ይህን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ኬዝ ከመቀየር በፊት ኧርዝ ማስዘርጋት ይቀድማል።

ነፋስና ከፍታ

በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር የሚያሳልፍ ኬዝ፣ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ባሕር ጠለል ላይ 330 ዋት ገደማ ይዞ ይወጣል። 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር አየሩ ስለሚሳሳ ያው ፋን በእኩል ሙቀት የሚያወጣው 265 ዋት ያህል ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ወደ 245 ይወርዳል። የአምራቹ ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር ይህን ከፍታ አያስብም። ደብረ ማርቆስን የሚክሳት ብርዷ ነው፤ ወደ ሣጥኑ የሚገባው አየር አስቀድሞ የቀዘቀዘ ነው። ባሕር ዳር ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 30 ዲግሪ ሲቃረብ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቢሮ ውስጥ ሳሳ ያለ አየርና ሙቀት አንድ ላይ ይገናኛሉ።

65 ዋት ፕሮሰሰር ላለው የጽሕፈት ኮምፒውተር የትኛውም ኬዝ ይበቃል። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን ከ200 ዋት በላይ የሚበላ ለቪዲዮ ማቀናበሪያ የሚሆን ኮምፒውተር ግን ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ቢያንስ ሁለት 120 ሚሊሜትር ፋን ከፊት፣ አንድ ከኋላ የሚይዝ ኬዝ ይፈልጋል። ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነው ያምራል፤ ነገር ግን ፋኑ ከጎን ባለች ጠባብ ክፍተት ነው የሚተነፍሰው።

አቧራ

በበጋ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንኳ የኖረ ኬዝ ሲከፈት የፕሮሰሰሩን ሙቀት በሚያወጣው ብረት (በሂትሲንኩ) ክንፎች መካከል ግራጫ ጥጥ የመሰለ አቧራ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ፋኑ ይዞራል፤ አየሩ ግን አያልፍም። ከፊት የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት ቢበዙ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ስለሚገፋ አቧራው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል ይባላል፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም ይላሉ። ማጣሪያው ተነቅሎ የሚታጠብ መሆኑ ግን አያከራክርም። በብሎወር ሲጸዳ ፋኑን በጣት መያዝ ይገባል፤ ነፋሱ ከልክ በላይ ካዞረው ኩሽኔታው ይበላሻል።

የጎኑን ክዳን አውልቆ ቬንትሌተር ማዞር በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። አየር በሌለው ኬዝ ሙቀቱን በእርግጥ ይቀንሳል፤ አቧራውን ግን ያለ ማጣሪያ ይጋብዛል። ዳንቴል ማልበስና በጠረጴዛው የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅና ከወለሉ ከፍ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ያገለገለ ኬዝ የሚገዛ ሰው የኋላውን የካርድ መዝጊያ ቆርቆሮዎች ይይ። አንድ ከጎደለ አይጥና በረሮ በዚያ ይገባሉ፣ አየሩም መንገዱን ስቶ ያልፋል። ጠጋኝ ቤት ከተጣለ ኬዝ ላይ ተነቅሎ ይገጠምለታል።