የጎጃም ግድግዳ፣ ብራናና ቅኔ

ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው በሩ ነው። ትልልቅ የእንጨት መዝጊያዎች አሉ፤ እነሱ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይመጣል። ከታች እስከ ላይ ባዶ ቦታ የለውም፤ ሁሉም ሥዕል ነው። ቀስ ብሎ የዞረው ሰው አንድ ትልቅ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ያህል ይሰማዋል። እንዲህ መባሉ ያለ ነገር አይደለም። ጎጃም ውስጥ ሕንፃው፣ ሥዕሉና ሥነ ጽሑፉ ያደጉት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱን ለብቻው ነጥሎ ማየት ይከብዳል።

ዘጌ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ ውኃው ውስጥ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ይደረሳል። በትውፊት ቦታውን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የበቀለው ከእሳቸው በትር ነው ይባላል። መሬቱ በሬ ተጠምዶ አይታረስም የሚለው ሥርዓትም ከእሳቸው ጋር ይያያዛል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከዑራ ሌላ አዝዋ ማርያም፣ ቤተ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎችም በዚሁ ጫካ ውስጥ ይገኛሉ።

ሕንፃው ክብ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የገበሬ ጎጆ ይመስላል፤ እንጨት፣ ጭድ የተደባለቀበት ጭቃ፣ ከላይ ደግሞ የሣር ክዳን። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሦስት ክፍሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጠዋል። የውጭው ቅኔ ማኅሌት ይባላል፤ ደብተራው የሚዘምረውና የሚያሸበሽበው እዚያ ነው። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ምእመናን የሚቆርቡበት። መሐል ላይ ታቦቱ ያለበት አራት ማዕዘን መቅደስ ይቆማል። ጣሪያው ጫፍ ላይ ጉልላት፣ ጉልላቱ ላይ ደግሞ የሰጎን እንቁላል አለ። ሰጎን ዓይኗን ሳትነቅል እንቁላሏን እንደምትጠብቅ እግዚአብሔርም ሰውን እንዲሁ ይጠብቃል ማለት ነው ብለው ካህናቱ ይተረጉሙታል።

ሥዕሉ የሚገኘው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ጭቃው ላይ አልተሣለም። የጥጥ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እሱ ላይ ይሣላል። ሠዓሊው የሚከተለው ሕግ አለ። ጻድቅ ሰው ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉው በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ወዲያው ይለየዋል።

ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ፈልጉ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ ቁስለኛ ስለ ማርያም ብሎ ለመነው፤ እሱም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሚዛን ቀረበ። በአንደኛው ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። ሠዓሊው ሚዛኑን መሐል ላይ ያቆመዋል፤ እመቤታችን ደግሞ ጥላዋን ውኃው ላይ ትጥላለች። ውኃው አመዘነ። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ተጽፏል፣ የካቲት 16 ቀን በበዓሉ ይነገራል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ እዚያ ሥዕል ፊት ስትቆም ብታዩ፣ ጣቷን ወደ ሚዛኑ ዘርግታ ለልጇ ስታወራ ነው የምታገኟት።

ግድግዳው ላይ የተሣለው ብዙው ነገር አስቀድሞ ብራና ላይ ነበር። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስጋው ተፍቆ እስኪሳሳ ድረስ ይለሰልሳል። ቁም ጸሓፊው በወስፌ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ የመቃ ብርዑን እየነከረ ይጽፋል። ጥቁሩ ቀለም ለጽሑፉ ነው። ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለማርያምና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። ሲያልቅ በእንጨት ገበታ ይደጎስና ማኅደር ውስጥ ይገባል። ከዘጌ ብዙም የማይርቀው የክብራን ገብርኤል ገዳም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የተሠራ ባለ ሥዕል ወንጌል አለው፤ እዚያ ግን ሴቶች አይገቡም።

ከጣና ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ ነገሩ ይለወጣል። መርጡለ ማርያም የድንጋይ ሥራ ነው። መርጡል በግእዝ አዳራሽ ማለት ነው። በትውፊት ቦታው ከክርስትና በፊት መሥዋዕት የሚቀርብበት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ይቆጠራል። ዛሬ ፍርስራሹ የሚታየው ሕንፃ ግን ከንግሥት እሌኒ ጋር ነው የሚነሳው፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። በግራኝ ጦርነት ፈረሰ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መልሰው ሊያቆሙት ሞክረው ነበር። አሁን የቀረው ግድግዳ ላይ አበባና ሐረግ በድንጋይ ተፈልፍሎ ይታያል። ጥርት ያለ ሥራ ነው። ዓይንን አስጠግቶ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቅኔው። ጎጃም ሲባል አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ጎጃም ናቸው፤ ሦስተኛው ዋድላ ወሎ ነው። ዲማ፣ ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅም በአብነት ትምህርት የታወቁ ናቸው።

ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ ነው የሚማረው። በመጀመሪያ የግእዝ ግስ ይይዛል። ከዚያ ይቆጥራል። መቁጠር ማለት ዛፍ ሥር ወይም ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ አዲስ ቅኔ ማውጣት ነው። ያወጣውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይጥሉበታል። የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው፤ ቤት እዚህ ላይ ስንኝ ማለት ነው። ቀጥሎ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየ ይመጣል፤ እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከወርቅ አንጥረኛ የመጣ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በሸክላ ይሸፍነዋል፣ እሳት ላይ ሲያስቀምጠው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ወርቁ በሰሙ ቦታ ይገባል። በቅኔም እንዲሁ ነው። ሰሚው ስለ ገበሬና ስለ አዝመራ የሚወራ ይመስለዋል፤ ቀልጦ የሚወርደው ያ ነው፣ የሚቀረው ስለ ትንሣኤ ነው። ኅብር የሚባልም አለ፤ አንድ ቃል ሁለት ሦስት ትርጉም ይይዛል። በአማርኛ «ሳለ» የሚለውን ውሰዱ። ሠዓሊ ሳለ፣ ጉንፋን የያዘው ሳለ፣ ቢላዋ የያዘው ሳለ። ቅኔ አዋቂ እንዲህ ያለ ቃል ካገኘ አይለቀውም። ግእዙ ላይ ደግሞ ይህ በዜማና በቤት ልክ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ዓመታት የሚፈጀው።

አንዳንዱ ሰው ብዙ ሙያ ነበረው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ታሪክ ጽፈዋል፤ ሠዓሊም ነበሩ። ብዕሩና ብሩሹ አንድ እጅ ውስጥ መሆኑ በዚያ አካባቢ እንግዳ ነገር አልነበረም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግድግዳው ነው። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ክዳኑ ቶሎ አያረጅም፤ ሚስማሩ በላላበት በኩል ግን ውኃ ይገባና ጨርቁን ያበሰብሰዋል። የደበዘዘ ሥዕልን በዘይት ቀለም ማደስ ደግሞ ከዝናቡ የባሰ ነው። የድሮው ሠዓሊ እጅ ከሥሩ ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ስለ ጨርቁም ስለ ብራናውም የሚያውቅ ባለሙያ መጥቶ እስኪያያቸው ባይነኩ ይሻላል።

ቅኔው ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተባለ አይደገምም። ለበዓሉ የተቆጠረው እዚያው፣ ስሙን ከቅኔ ባገኘው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ፣ ከተሣለው ግድግዳ አጠገብ ይባላል። ሊቃውንቱ ከወደዱት አንዱ በቃሉ ይይዘዋል፣ ወይም ከብራናው ዳር ይጽፈዋል። ካልሆነ ከዜማው ጋር ይሄዳል። በማግሥቱ ተማሪው ለምዱን ደርቦ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ሌላ ሊቆጥር።