ድምፃዊው ከኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ፣ ለዓመታት የምወደው ድምፃዊ አዲስ አበባ ላይ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ሊዘፍን ነው ሲባል ሥራዬን ትቼ ከጅማ ተነሳሁ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመሄዴ በፊት ጓደኞቼ ቡና ላይ ያላሉኝ ነገር የለም። ስመለስም አልለቀቁኝም። አብዛኛው የተባለው ግን ልክ አይደለም።

«ኦርኬስትራ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ ዘፈን አይሆንም»

ይሄኛው ያናድደኛል። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ እንደ ትራምፔት ያሉ የነሐስ መሣሪያዎችን የሚነፉ ሙዚቀኞች እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ቆይቶ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ገነኑ። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ ጋር ነው ያንጎራጎረው። ወላጆቻችን በሬዲዮ እየሰሙት ያደጉት ዘፈን በትራምፔትና በሳክስፎን የታጀበ ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄም በ1943 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው! ታዲያ እኛ ጅማዎች እንዴት «አይሆንም» እንላለን?

«ቅኝቱ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ቫዮሊን ደግሞ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ መከፋፈያ የለውም። እንደ ማሲንቆ ጣት የፈለገበት ያርፋል፣ ይንሸራተታል። ትዝታን ቫዮሊን ሲያለቅሰው የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። እውነቱን ለመናገር ቅኝቱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአቀናባሪው ነው። በየስንኙ ሥር ብዙ ድምፅ ከደራረበ የዜማው ለዛ ይሄዳል።

«ያ ሁሉ ሰው ሲጫወት የዘፋኙ ድምፅ ይዋጣል»

እኔም ይሄንን ፈርቼ ነበር። ግን ሁሉም አንድ ላይ የሚጫወቱበት ጊዜ ትንሽ ነው። አቀናባሪው ለእያንዳንዱ መሣሪያ የት እንደሚገባና የት ዝም እንደሚል በኖታ ይጽፍለታል። ድምፃዊው ግጥሙን ሲጀምር የነሐስ መሣሪያዎቹ ዝም ይላሉ፣ ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ከሥር ይይዙታል። እሱ ትንፋሽ ሲወስድ ክላርኔት ይመልስለታል። ማይክም አለው። እንዲያውም ከባንድ ጋር ሲዘፍን ከበሮው የሚሸፍንብኝን ቃል ያን ቀን ጥርት ብሎ ሰማሁት። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ስንኝ አሳስቼ ስዘፍን እንደኖርኩም ያወቅኩት እዚያ ነው።

«የኦርኬስትራው መሪ እጁን ከማወዛወዝ ሌላ ሥራ የለውም»

ትልቁ ሥራው ልምምድ ላይ ያልቃል። መድረክ ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ማን መቼ እንደሚገባ ያሳያል። ድምፃዊ ስሜት ሲይዘው አንዱን ቃል ያስረዝማል፤ ባንድ ተከትሎት ይሄዳል። ኖታ የሚያነብ በርካታ ሰው ግን እኩል መጠበቅ የሚችለው አንድ እጅ እያየ ነው። የኔ ድምፃዊ አንዴ ቃሉን ጎትቶ ያዘ። የመሪው እጅ አየር ላይ ቆመ። አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«መጀመሪያ ላይ ያለው ጫጫታ ብልሽት ነው»

አይደለም፣ መቃኘት ነው። ብዙውን ጊዜ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ «ላ» የተባለውን ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ሁሉ በሱ ይስተካከላል። ክራር ደርዳሪም ሳይቃኝ አይጀምርም።

«ዝም ብለህ መቀመጥ አለብህ»

ዘፈኑ መሃል ላይ ፀጥ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ለስለስ ያለው ክፍል አያምልጣችሁ። ሲያልቅ ግን አጨብጭቡ፣ እልል በሉ። ሲጋብዛችሁም አብራችሁ ዝፈኑ።

«በስልክ ከተቀረጸ ያው ነው፣ ምን ያስኬዳል?»

ስልክ ድምፅ ሲቀርጽ በራሱ ጊዜ ዝግ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋል። የኦርኬስትራ ውበቱ ግን ከሹክሹክታ ተነስቶ ደረት እስኪያንቀጠቅጥ መውጣቱ ነው። ሁለት ደቂቃ ቀርጬ መጥቼ፣ እማ ቡና ስታፈላ አሰማኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አዳመጠችና «ዘፈኑስ ደስ ይላል ልጄ፣ ያ ያልከኝ ቫዮሊን ታዲያ የታለ?» አለችኝ። የሚቀጥለው ሲኖር ሁለት ትኬት ነው የምገዛው።