የነዳጅ ማከማቻ የጨው ዋሻ ምንድን ነው?

የአሜሪካ መንግሥት ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ድፍድፍ ነዳጅ ያለው ጨው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ማደያዎቹ በሰልፍ ተጨናነቁ፤ በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ መጠባበቂያውን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ። ዛሬ በቴክሳስና በሉዊዚያና አራት ቦታዎች አሉ፤ ብራያን ማውንድ፣ ቢግ ሂል፣ ዌስት ሃክቤሪ እና ባዩ ቾክታው። በድምሩ ከ700 ሚሊዮን በርሜል በላይ የመያዝ አቅም አላቸው።

ዋሻውን የሚቆፍረው ውሃ ነው። ከምድር ሥር ወዳለው ግዙፍ የጨው ክምር ቀጭን ጉድጓድ ይወርድና ውሃ ይለቀቅበታል፤ ጨው ያሟሟው ውሃ ተመልሶ ይወጣል። ለአንድ በርሜል ነዳጅ የሚሆን ቦታ ለመክፈት ሰባት በርሜል ያህል ውሃ ይፈጃል። አንድ ዋሻ በአማካይ 60 ሜትር ወርድና ከ750 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ 10 ሚሊዮን በርሜል ይይዛል። ይህን ሁሉ ሲያክል ሰው ገብቶበት አያውቅም።

ነዳጁ ግን ግድግዳውን አይነካውም። ዘይት ላይ ጨው የበተነ ሰው ያውቀዋል፤ ከሥር ይቀመጣል እንጂ አይሟሟም። በዚያ ጥልቀት ያለው ግፊትም ጨውን ቀስ በቀስ ስለሚያንቀሳቅሰው ስንጥቅ ቢፈጠር ራሱ ይደፍነዋል። ወጪውም መሬት ላይ ከሚተከል ታንከር በእጅጉ ያንሳል።

ጣጣው ነዳጁ ሲወጣ ነው። ውሃ ከሥር ይገባል፣ ነዳጁ ስለሚቀል ወደ ላይ ተገፍቶ ይወጣል፤ ያው ውሃ ግን ግድግዳውን እንደገና ይበላዋል። ዋሻው በሰፋ ቁጥር ከጎረቤቱ ዋሻ የሚለየው ጨው ይሳሳል። ስለዚህ ዋሻዎቹ የታቀዱት አምስት ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ እንዲራቆቱ ነው። በ2022 የባይደን አስተዳደር 180 ሚሊዮን በርሜል እንዲወጣ ሲወስን ክርክሩ ስለ ቤንዚን ዋጋ ነበር፤ የግድግዳውን ነገር ከመሐንዲሶቹ በቀር ያነሳው ጥቂት ነው።

ውሃ ሳይጠሩት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ቀድሞ ከማከማቻዎቹ አንዱ የነበረው፣ ሉዊዚያና ያለው ዊክስ አይላንድ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ አሮጌ የጨው ማዕድን ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከላዩ መሬቱ ሰምጦ ተገኘ፤ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ነበር። ከ70 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ተዛወረ፤ ማዕድኑም በጨው ውሃ ተሞልቶ ተዘጋ።