የወገብና የጀርባ ስፖርት ያለ ብረት፦ አሠራሩና ፍጥነቱ

በገዛ ሰውነት ክብደት ብቻ የሚሠራ የወገብና የጀርባ ስፖርት ብረትም ማሽንም አይፈልግም። አንድ ሰው የሚያስተኛ ወለልና ምንጣፍ ይበቃዋል። ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ቀጥ ብሎ መቆየት)፣ የጎን ፕላንክ (ያንኑ በአንድ ጎን)፣ ብሪጅ (በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሳት)፣ ሲት አፕ (ከተኙበት ተነሥቶ መቀመጥ)፣ ክራንች (ጭንቅላትና ትከሻን ብቻ ማንሳት)፣ ሱፐርማን (በሆድ ተኝቶ እጅና እግርን ማንሳት) እና በርድ ዶግ እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ስለነዚህ ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ትሠራለህ?» ነው። በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም።

አከርካሪ የሚንቀሳቀሱ 24 አጥንቶች አሉት። 7ቱ አንገት፣ 12ቱ ደረት፣ 5ቱ ወገብ ላይ ናቸው። በመካከላቸው እንደ ትራስ የሚያገለግሉ ዲስኮች አሉ። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ረጃጅም ጡንቻዎች፣ ከፊት የሆድ፣ ከጎን ደግሞ የተጠላለፉት ጡንቻዎች ዙሪያውን አቅፈው ይይዙታል። መቀመጫንም መርሳት አይገባም። እሱ ሲሰንፍ ሸክሙ ወገብ ላይ ይወድቃል። ቀኑን ሙሉ የእነዚህ ጡንቻዎች ዋና ሥራ ወገብን ደግፎ መያዝ ነው። ስለዚህ ከጉልበታቸው ይልቅ ጽናታቸው ይፈለጋል። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዴንማርካዊው ሐኪም ፊን ቢየሪንግ ሶረንሰን ያስተዋወቁት ፈተና የሚለካውም ይህንኑ ነው። ተፈታኙ በሆዱ ተኝቶ እግሩ ይታሰራል። ከዳሌው በላይ ያለው አካሉ ከአልጋው ወጥቶ አየር ላይ ይቀራል። ቀጥ ብሎ የቆየበት ሰከንድ ይቆጠራል፤ ጣሪያው 240 ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 ስቶክሆልም ውስጥ የጂምናስቲክ ተቋም ከፈተ። ጀርመን የተወለደው ጆሴፍ ፒላቴስ በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ገብቶ ማሰልጠን ጀመረ። «ሃንድረድ» የሚባለው ልምምዱ ትንፋሽን ከቆጠራ ጋር ያስራል፦ በ5 ማስገባት፣ በ5 ማስወጣት፣ ይህንን 10 ጊዜ። በ1937 አሜሪካዊው ሐኪም ፖል ዊሊያምስ ወገብን ወደፊት የሚያጥፉ እንቅስቃሴዎችን ለሕመምተኞች አቀረቡ። የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ ደግሞ በ1950ዎቹ አንድ ታካሚያቸው በአጋጣሚ ወደ ኋላ በተለጠጠ አኳኋን በሆዱ ተኝቶ ሕመሙ ሲቀልለት አዩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ መለጠጥን አስፋፉ። ሁለቱ መንገዶች ተቃራኒ ናቸው፤ በሁለቱም የዳነ ሰው አለ።

አሠራርን በተመለከተ ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር ግን ከካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፕሮፌሰር ስቱዋርት ማክጊል እዚያ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ አከርካሪን ሲለኩ ኖረዋል። «ሦስቱ ታላላቆች» የሚባሉትን የመረጡትም እሳቸው ናቸው። አንደኛው የተሻሻለ ክራንች ነው። በጀርባ ይተኛሉ፤ አንድ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሌላው እግር ይዘረጋል። ሁለቱ መዳፎች ወገብ ስር ገብተው ተፈጥሯዊውን ክፍተት ይጠብቃሉ። ጭንቅላትና ትከሻ ከመሬት በጥቂቱ ብቻ ይነሳሉ። ሁለተኛው የጎን ፕላንክ ነው፤ ጀማሪ በጉልበቱ ተደግፎ ይሠራዋል።

ሦስተኛው በርድ ዶግ ነው። ዳዴ እንደሚል ሕፃን በእጅና በጉልበት ይቆማሉ። ቀኝ እጅና ግራ እግር አብረው ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ይቀያየራል። ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ንቄው ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስደግመው ዳሌዬ ወደ ጎን ሲወድቅ አፈርኩ። ብዙ ሰው እግሩን ከጀርባው በላይ ያነሳል፤ ያኔ ወገቡ እንደ አሮጌ አልጋ ይሰረጉዳል። እግር ከዳሌ ከፍታ ማለፍ የለበትም። ውኃ ያለበት ብርጭቆ ወገብ ላይ ተቀምጦ እንዳይፈስ እንደመጠንቀቅ ማሰብ ይረዳል።

ማክጊል በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ መያዝን አይመክሩም። ጽናት የሚጨመረው ድግግሞሹን በማብዛት ነው። በየዙሩ ያለው ድግግሞሽ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፦ ለምሳሌ መጀመሪያ 6፣ ቀጥሎ 4፣ መጨረሻ 2። ድካም አቋምን ሳያበላሸው ሥራው ያልቃል። በፕላንክ ከ9 ሰዓት በላይ የቆዩ የዓለም ባለ ሪከርዶች አሉ። ጀግንነቱን ማድነቅ ነው እንጂ ለወገብ ያን ያህል አያስፈልግም።

በመንቀሳቀስ ለሚሠሩት ልምምዶች ደግሞ አሰልጣኞች ፍጥነትን በአራት ቁጥር ይጽፋሉ። ብሪጅ በ3-0-1-2 ይሠራ ከተባለ፣ በ3 ሰከንድ ይወርዳሉ፣ ታች አያርፉም፣ በ1 ሰከንድ ይወጣሉ፣ ላይ መቀመጫን ጨብጠው 2 ሰከንድ ይቆያሉ። ትልቁ ጥቅም ያለው አወራረዱ ላይ ነው። ጡንቻው እየረዘመ ክብደት ይሸከማል፤ በማግስቱ የሚሰማው ሕመምም በዋናነት ከዚያው ይመጣል። ዝም ብሎ ዱብ ያለ ሰው የሥራውን ግማሽ ለመሬት ስበት ሰጠ ማለት ነው። ትንፋሽም መታፈን የለበትም፣ በተለይ ደም ግፊት ላለበት።

ሲት አፕ ላይ ጥድፊያው ይብሳል። እግር ሲያዝ ጭንን የሚያነሱት ጡንቻዎች ሥራውን ይነጥቃሉ፤ እጅም አንገትን ይጎትታል። የአሜሪካ ጦር ከ1980 ጀምሮ ለ40 ዓመታት ገደማ በ2 ደቂቃ ስንት ሲት አፕ እንደሚሠራ ወታደሩን ሲፈትን ኖሯል። በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ፈተና ቦታውን ፕላንክ ይዞታል።

ሆድን እንዴት መያዝ እንደሚገባ የማያባራ ክርክርም አለ። በ1996 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ጥልቁ የሆድ ጡንቻቸው ዘግይቶ ሥራ እንደሚጀምር አሳዩ። «እምብርትህን ወደ ውስጥ ሳብ» የሚለው ምክር ከዚያ ተስፋፋ። የዋተርሉው ወገን ቡጢ ሊመጣ እንደሆነ ያህል ዙሪያውን ማጠንከር ይላል፤ ይሄኛው ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ወገብን ደጋግሞ ማጠፍ ዲስክ ይጎዳል የሚለው ግን በብዛት ከአሳማ አከርካሪ ላይ ከተደረገ ሙከራ የተገኘ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ላይ እኩል ይሠራል ማለት ይከብዳል። የሆድ ስፖርት የሆድ ስብን ለይቶ አያቀልጥም። እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ ደግሞ ከምንጣፍ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ዲስኮች ሌሊቱን ውኃ ይመጥጣሉ። ጠዋት በጥቂቱ የምንረዝመውም፣ ስናጎነብስ ወገባችን ግትር የሚለውም ለዚህ ነው። ከአልጋ ወርዶ ቀጥታ ሲት አፕ መጀመር አይመከርም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ከዚያ ምንጣፉን መዘርጋት ይሻላል።