«ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ነው»፦ ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖችና አስተማሪዎቻቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ቀላል ስፖርት አውሮፕላን እንዲያበሩ አስተምራለሁ። እኔ የማስተምርባት ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። አንድ ሞተር አላት። ከነሰዉና ከነነዳጇ ከ600 ኪሎ አትበልጥም። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ሄጄ ነበር፤ ቡናው ሳይፈላ ጥያቄው ፈላ። ስለ ሥራዬ የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚያውቁት ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ደግሞ የእነሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ ተማሪዎቼም ይዘውት ይመጣሉ።

«ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ነው የምትወድቀው»

ይህን ያሉት አይሱዙ ሲነዱ የኖሩት አጎቴ ናቸው። እኔም በራሳቸው መንገድ ገባሁ። «ጋሼ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ መኪናውን የሚያስኬደው ሞተሩ ነው?» «ቁልቁለቱ ነዋ!» አሉ። አውሮፕላኗም እንደዚያው ናት። ሞተር ሲጠፋ አፍንጫዋን ዝቅ ታደርጋለህ። ክብደቷ ራሱ ፍጥነት ይሰጣታል። ፍጥነት ካለ አየር በክንፏ ላይ ያልፋል፤ አየር ካለፈ ክንፉ ይሸከማታል። ከመሬት 1,000 ሜትር ከፍ ብላ ሞተሯ ቢጠፋ፣ ነፋስ በሌለበት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ትንሸራተታለች። ከደብረ ብርሃን ተነስታ ወደ ጫጫ የመንገዱን ግማሽ ያህል ማለት ነው። የምኒልክ መስኮት የሚባለው የገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጆፌ አሞራ ሲያንዣብብ ያየ ሰው ደግሞ ይህ ሊገርመው አይገባም። ሞተር የለውም፣ ክንፉንም አያርገበግብም።

እና ጥያቄው «ትወድቃለች ወይ?» ሳይሆን «የት ታርፋለች?» ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ሜዳ ላይ ብዙ ምርጫ አለ። ከጣርማ በር ወዲያ ገደሉ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው ተማሪው ወሬ ሲይዝ ጠብቄ፣ ሳላስጠነቅቅ ነዳጅ መስጫውን ወደ ኋላ የምስበው። «ሞተርህ ጠፋ። የት ታርፋለህ?» መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ መሬቱን ስለሚፈሩ አፍንጫዋን ወደ ላይ ይስባሉ። አደጋው ያ ነው።

ምክንያቱም ፍጥነቷ ሳይኖር አፍንጫዋን ከሳብክ «ስቶል» ታደርጋለች። ይህም ቃል ሌላ ስህተት አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የመኪና ሞተር ሲጠፋም ስቶል ስለሚል፣ ሰው የአውሮፕላኑም የሞተር ጉዳይ ይመስለዋል። ሞተሩ ምንም ላይሆን ይችላል። ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ክንፉ መሸከሙን ይተዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ልብ የማይፈቅደው ነው፦ እጅህን ወደ ፊት መግፋት። መሬቱን እያየህ ወደ መሬቱ ግፋ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ያስተማርኩበት ሰዓት ተቆጥሮ ቢታይ እዚህ ላይ ያለቀው ይበዛል።

«መኪና የነዳ በሁለት ቀን ይለምዳታል»

ይህን ያለው ባጃጅ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ሹፌር የሆነ ተማሪ መጀመሪያ ላይ ያስቸግረኛል። መሬት ላይ ስትሄድ የምትጠመዘዘው በእግር ፔዳል ነው፤ እሱ ግን በእጁ ይታገላል። አውሮፕላኗ አልሰማችውም፣ እኔም ሳቄን እውጣለሁ። ቀላል መሆኗም አያቀላትም። 600 ኪሎ ለነፋስ ምኑም አይደለም። የጎን ነፋስ ሲመጣ ትልቁ አውሮፕላን የማይሰማውን እሷ ትሰማዋለች። ትልልቅ ሲያበሩ የኖሩ ሰዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳርፏት ትንሽ ያልባቸዋል።

«አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደብረ ብርሃን ለሞተር ጥሩ ነው»

ይህኛው በጣም ደስ አለኝ፣ ግማሹ ልክ ነውና። ብርድ አየሩን ያጠነክረዋል፤ የጠነከረ አየር ለሞተርም ለክንፍም መልካም ነው። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ራሱ ሳስቷል። እኛ ኮት ደርበን «ኧረ ብርዱ!» የምንልበት 20 ዲግሪ፣ በዚያ ከፍታ ለአውሮፕላን ሙቀት ነው። ስሌቱን ብትሠሩት እኩለ ቀን ላይ አውሮፕላኗ ከ3,600 ሜትር በላይ እንዳለች ሆና ነው የምትሠራው። በባሕር ዳርቻ ከምታገኘው አየር ወደ 30 በመቶ ይጎድላታል። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ማረፊያው ላይ ደግሞ የባሰ አለ። የፍጥነት መለኪያው የሚለካው የሚገፋውን አየር ነው። መለኪያው 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲል፣ እዚያ መሬቱን የምትነካው 108 ገደማ እየሮጠች ነው። ማኮብኮቢያው ያልቅባታል። ሸዋ ሮቢት በስንት ይሻላል? ሙቀቱ ቢያቃጥልም ከፍታው ከደብረ ብርሃን ከግማሽ በታች ነው። ብርዳማው ደጋ ለክንፍ ከቆላው ይከብዳል ስል አጎቴ አላመኑኝም። አሁንም የሚያምኑኝ አይመስለኝም።

የጎረቤት ልጅ «ታዲያ አንዷን አምጣልና!» አለኝ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅድ እንደ ሻንጣ ይዞ መምጣት የለም። የአሜሪካን ሕግ ብቻ ብናይ እንኳ፣ የስፖርት አብራሪ፣ ማለትም እንዲህ ያለችውን ቀላል አውሮፕላን ለማብረር ፈቃድ ያለው ሰው፣ ከባሕር ጠለል 10,000 ጫማ ወይም ከመሬት 2,000 ጫማ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው በላይ አይወጣም። 10,000 ጫማ 3,048 ሜትር ነው። ሁለተኛው ሐረግ ባይኖር ኖሮ ከደብረ ብርሃን ሰማይ የሚቀረው 200 ሜትር ብቻ ነበር።

«ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነው» ለሚለው ግን መልሱ አጭር ነው። ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ስትሠራ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ትንሽ ነበረች። መሐንዲሱ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ነበር። ጣልያን ወስዷት ኖሮ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

«አስተማሪ ማለት ሽበታም ካፒቴን ነው»

አሜሪካ ውስጥ በስፖርት ደረጃ አስተማሪ ለመሆን 18 ዓመት የሞላውና 150 ሰዓት የበረረ ሰው፣ ፈተናውን ካለፈ ይችላል። የበረራ ሰዓት እየሰበሰቡ የሚያስተምሩ ወጣቶችም አሉ። ተማሪውም 20 ሰዓት ይበቃዋል ይላል ሕጉ፣ 15ቱ ከአስተማሪ ጋር፣ 5ቱ ብቻውን። ዝቅተኛው ነው እንጂ በ20 የጨረሰ ተማሪ እኔ አላየሁም። መነጽርም አይከለክልም፤ እናቴ በዚህ ተጽናናች፣ እኔም መነጽር አለኝና።

«አስተማሪው አጠገቡ ስለሆነ ሁሉን ይይዝለታል»

መሪ በሁለቱም ወንበር አለ፤ ልክ ነው። ማን እንደያዘ ግን መጠራጠር የለም። «ያዝ» እላለሁ፣ «ያዝኩ» ይላል፣ «ያዝክ» እላለሁ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ስህተቱ ሲመጣ እያየህ፣ እሱ ራሱ እስኪያየው መጠበቅ፣ ግን ከማይመለስበት በፊት መያዝ። ቶሎ የሚይዝ አስተማሪ ተማሪው ምንም አይማርም፤ የሚዘገይ ደግሞ... ይቅር።

አንድ ቀን ላይ ሞተሩ እየሠራ በሩን ከፍቼ እወርዳለሁ። «ሦስት ዙር፣ ብቻህን።» የእኔ 80 ኪሎ ስለጎደለ አውሮፕላኗ ተስፈንጥራ ትነሳለች፤ አስቀድሜ ብነግራቸውም ሁሌ ይደነግጣሉ። እኔ ከማኮብኮቢያው ዳር ሬዲዮ ይዤ፣ አፌ ደርቆ እቆማለሁ። ሲመለሱ የሸሚዛቸውን ጀርባ በመቀስ እንቆርጣለን። ድሮ አስተማሪ ከኋላ ይቀመጥ ስለነበር ተማሪውን በሸሚዙ ጎትቶ ነበር የሚጠራው ይባላል፤ ብቻውን ከበረረ ሸሚዙ አያስፈልግም።

እናቴ ሲኒውን እያጠበች ይህን ሰማች። «ደህናውን ሸሚዝ?» አለች። «አዎ።» «ስፌቱን ይዘው እንኳ አይቀዱትም?»