ቢር፦ ከዳውላዳር ተራሮች ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ

ቢር በሰሜን ህንድ፣ በሂማቻል ፕራዴሽ ክልል፣ በካንግራ አውራጃ ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ከጀርባዋ የዳውላዳር ተራሮች ቆመዋል፣ ከፊቷ የካንግራ ሸለቆ ተዘርግቷል። ከፍታዋ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ስሟን የሚያውቅ ሰው ባብዛኛው የሰማው በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም በጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ በመብረር፣ ምክንያት ነው። ከበላይዋ ያለው የቢሊንግ ሜዳ በህንድ ከታወቁት የመብረሪያ ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ስለሆነ ሁለቱን አጣምረው «ቢር ቢሊንግ» ይሏቸዋል። እንዲህም ሆኖ ቢርን ቢር ያደረጋት ከበራሪዎቹ ቀድሞ የመጣ ነው፤ አንድ ጠባብ ሐዲድና ብዙ ስደተኛ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አቀማመጥ

አንድ ከተማ ትባል እንጂ ሲገቡባት የተበታተኑ ሰፈሮች ናት። ከላይ ነባሩ የህንዶች መንደር አለ፤ ላይኛው ቢር ይሉታል። እዚያ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደኑ የጭቃ ቤቶች ዛሬም አልጠፉም። ቁልቁል ሲወረድ ቻውጋን ይገኛል፤ የቲቤታውያን ሰፈር ነው። ከዚያ ፈንጠር ብሎ በራሪዎች የሚያርፉበት ሜዳ አለ። ዙሪያው እርከን የተሠራለት ማሳ ነው፤ በበጋ ስንዴ፣ በዝናቡ ወራት ሩዝ ይበቅልበታል። ከሰፈር ሰፈር በእግር ይደረሳል፤ ታክሲ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ታሪክ

ድሮ ቢር ባንጋሃል የሚባል ትንሽ የተራራ መንግሥት አካል ነበረች። በ1846 እንግሊዞች ካንግራን ከሲኮች ሲወስዱ በእነሱ እጅ ገባች። እስከ 1966 በጎረቤት ክልል በፑንጃብ ሥር ቆይታ ወደ ሂማቻል ተዛወረች። ሂማቻል ራሷ ሙሉ ክልል የሆነችው በ1971 ነው።

የአካባቢውን መልክ የቀየረው ቀን ኤፕሪል 4፣ 1905 ነው። ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ካንግራን ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ20,000 ሰው በላይ አለቀ። የካንግራ ከተማ ከጥንታዊ ምሽጓ ጋር ፈረሰች። ሸለቆውን በሻይ ተክል የሞሉት እንግሊዛውያን ባለእርሻዎችም አብዛኞቹ መሬታቸውን ሸጠው ሄዱ። ዛሬ ቢር ዙሪያ የሚታየው ሻይ ባብዛኛው በትንንሽ ገበሬዎች እጅ ያለ ነው። መነሻው ይኸው መንቀጥቀጥ ነው።

ባቡሩ

ከአካባቢው ታሪክ ሁሉ በደንብ ተጽፎ የተቀመጠው የባቡሩ ነው። መሐንዲሶች መዝገብ ስለሚወዱ ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው በመብራት ነው። በ1920ዎቹ በፑንጃብ መንግሥት ያገለግል የነበረ ኮሎኔል ባቲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ከተራራው ጀርባ ያለውን የኡል ወንዝ አየና አንድ ነገር መጣለት። ወንዙ ከፍ ባለ ሸለቆ ውስጥ ይፈሳል፣ ከተራራው ወዲህ ያለው መሬት ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ተራራው ቢበሳና ውሃው በቱቦ ቁልቁል ቢለቀቅ ኃይል ይሆናል። መሬቱ የማንዲ ግዛት ስለነበረ በ1925 ከንጉሡ ከራጃ ጆጊንደር ሴን ጋር የ99 ዓመት የኪራይ ውል ተፈረመ። ሱክራሃቲ ይባል የነበረው መንደርም በንጉሡ ስም ጆጊንደር ናጋር ተባለ።

ውሉ ተፈረመ፣ ግን ያንን ሁሉ ብረት፣ ተርባይንና ጄኔሬተር ማን ተሸክሞ ያውጣው? የበሬ ጋሪ አይችለውም። ስለዚህ በፑንጃብ ካለችው የፓታንኮት ከተማ እስከ ጆጊንደር ናጋር 164 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንዲዘረጋ ተወሰነ። ሥራው በ1926 ተጀምሮ በ1929 ባቡሩ ሰው ማጓጓዝ ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእግር አንድ እርምጃ። የመንገዱ ልዩ ነገር ዋሻ አለመብዛቱ ነው፤ በጠቅላላው ሁለት ናቸው። መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ከመብሳት ይልቅ መዞሩን መረጡ። በዚህ ምክንያት ባቡሩ እንደ ልቡ ይጠማዘዛል፣ የሚሻገራቸው ድልድዮችም ትልቅ ትንሹ ተደምሮ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋሉ። ከፓታንኮት ሲነሱ በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው በረዶ የለበሰውን ዳውላዳር እያየ ይሄዳል። ሌሎቹ የህንድ የተራራ ባቡሮች ስማቸው የገነነ ነው፤ በእይታ ግን ይሄን የሚበልጥ ማግኘት ይከብዳል።

የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ አህጁ ጣቢያ ነው፤ 1,290 ሜትር። ለቢር ቅርቡ ጣቢያም ይኸው ነው። ባቡሩ ቢርን ሳይነካ በታችኛው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ቢሆንም ጨው፣ ጨርቅና መጽሔት ለአካባቢው ሰው የደረሰው በዚያው ነው። ከጆጊንደር ናጋር ወደ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቀጥ ባለው ገደል ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ዕቃና ሠራተኛ በገመድ በሚጎተት ክፍት ጋሪ ይወጣ ነበር።

ባቲ ያሰበው ማመንጫ፣ ሻናን የተባለው፣ በ1933 ተመረቀ፣ መብራቱም እስከ ላሆር ደረሰ። የአሁኗ ፓኪስታን ትልቅ ከተማ በዚህ ተራራ ውሃ ደምቃ ነበር ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ስለተፈለገ በ1942 ከናግሮታ እስከ ጆጊንደር ናጋር ያለው ሐዲድ ተነቅሎ ተወሰደ። አህጁም ሆነች ቢር 12 ዓመት ያለ ባቡር ኖሩ። መልሶ የተዘረጋው በ1954 ነው። በኦገስት 2022 ደግሞ ጎርፍ ከፓታንኮት ብዙም የማይርቀውን የቻኪ ድልድይ ጥሎት ባቡሩ ከመነሻው ተቆረጠ። ስለዚህ በባቡር ለመምጣት ያሰበ ሰው ሰዓቱን ሳይሆን መኖሩን ቀድሞ ይጠይቅ።

የ99 ዓመቱ ውል በማርች 2024 አበቃ። ማመንጫው ሂማቻል ውስጥ ተቀምጦ የሚተዳደረው በፑንጃብ ስለሆነ ሁለቱ ክልሎች በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። ፑንጃብ በ1966ቱ የክልሎች መከፋፈል ለእኔ ተሰጥቷል ትላለች። ሂማቻል ውሉ አልቋል፣ መሬቱም ውሃውም የእኔ ነው ትላለች። ፍርዱ የዳኞች ነው፤ ኡልን አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ግን ለሂማቻል ሳያደላ አይቀርም።

ቲቤታውያኑ

ከ1959 በኋላ ብዙ ቲቤታውያን ዳላይ ላማን ተከትለው ወደ ህንድ ገቡ። ወደ ቢር የመጡት በ1960ዎቹ ሲሆን ብዙዎቹ ከምሥራቅ ቲቤት፣ ከካም ነበሩ። ስማቸው በጉልህ የሚነሳው የቡድሃ ሃይማኖት መምህሩ ሦስተኛው ኔተን ቾክሊንግ ሪንፖቼ ናቸው። በ1966 ቤተሰባቸውንና ተከታዮቻቸውን ይዘው መጥተው መሬት አገኙ፣ ገዳምና ሰፈር መሠረቱ። በ1973 ሞቱ፤ የቾክሊንግ ገዳም ግን ዛሬም የቻውጋን እምብርት ነው።

ወደ ገዳም የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ስቱፓውን፣ ማለትም ነጩን ጉልላት ሐውልት፣ በቀኙ አድርጎ ይዞራል፤ በግራ መዞር ነውር ነው። ጠዋት ላይ አሮጊቶች መቁጠሪያ ይዘው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲዞሩ ይታያል። ትንንሾቹ መነኮሳት ከትምህርት ሲወጡ ቀያዩን ልብሳቸውን ከፍ አድርገው ኳስ ይጫወታሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም ዋንጫ ለማየት ስለጓጉ መነኮሳት የሚያወራ ፊልም እዚሁ ተቀርጿል። ዳይሬክተሩ ራሱ ላማ፣ ማለትም የቲቤታውያን የሃይማኖት መምህር ነበር፣ ተዋናዮቹም መነኮሳቱ ናቸው።

በ2006 የተከፈተው ዲር ፓርክ ኢንስቲትዩት ሌላው መታወቂያ ነው። ቤቱ ቀድሞ የመነኮሳት ኮሌጅ ነበር። ኮሌጁ ወደ ቻውንትራ ሲዛወር ስለ ህንድ ጥንታዊ ጥበብና ፍልስፍና ሁሉም ሰው የሚማርበት ቦታ ሆነ። የሰፈሩ ወጣት ግን እየቀነሰ ነው። ወደ ፈረንሳይ፣ ካናዳና አሜሪካ የሄደው ብዙ ነው።

ሰማዩ

ከቢር ወደ ቢሊንግ በመኪና 14 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ቢሊንግ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ለሐበሻ ሳንባ አያስቸግርም። «በዓለም ሁለተኛው ከፍተኛ መነሻ» የሚል ጽሑፍ በየሱቁ ተለጥፏል። አትመኑት፤ በአልፕስ ተራሮች ብቻ እንኳ ከዚህ በጣም ከፍ ብለው የሚነሱ አሉ። ቢሊንግን ታላቅ ያደረጋት ከፍታዋ አይደለም። ፀሐይ ደቡብ ዞሮ የቆመውን የተራራ ግድግዳ ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፤ ችሎታ ያለው በራሪ ያንን እየተከተለ በተራራው ጎን ለጎን እስከ ዳራምሳላ ድረስ ይሄዳል።

በ1980ዎቹ በጠንካራ ክንፍ የሚበረርበት ሀንግ ግላይዲንግ ቀደመ፣ ፓራግላይዲንግ ተከተለ። በኦክቶበር 2015 የፓራግላይዲንግ የዓለም ዋንጫ ውድድር እዚህ ተካሄደ፤ በህንድ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆቴልና ካፌ እንደ እንጉዳይ ፈላ።

ለማያውቅ ሰው ያለው ከአብራሪ ጋር ተያይዞ መብረር ነው። ተሳፋሪው ከፊት ይታሰራል፣ አብራሪው ከኋላ። «ሩጥ!» ሲባል ቁልቁለቱን ጥቂት እርምጃ መሮጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እግሩ መሬት ሳይለቅ ሊቀመጥ ይሞክራል። ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ተበርሮ ሜዳው ላይ ይታረፋል። አብራሪው በክልሉ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት የተመዘገበ መሆኑን መጠየቅ ሙያ ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም። አደጋ አልፎ አልፎ ይደርሳል። በተለይ ብቻቸውን ርቀው የሚበሩ የውጭ አገር ሰዎች ከተራሮቹ ጀርባ ጠፍተው ያውቃሉ።

ሻይና ምግብ

የካንግራ ሻይ ከ1849 ጀምሮ አለ። ጀምሶን የሚባል ሐኪምና የዕፅዋት ባለሙያ የቻይናውን ዘር አምጥቶ ሞከረው፣ ያዘለትም። ስሙ ከ2005 ጀምሮ በህንድ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በ2023 የአውሮፓ ኅብረትም እውቅና ሰጠው። ቢር ውስጥ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሻይ ፋብሪካ አለ። ሻዩ ቀለል ያለ ነው፤ በስኳር ማፈን ያሳዝናል።

በቲቤታውያኑ ሰፈር ሞሞ የሚባለው በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ፣ ቱክፓ የሚባለው የኑድል ሾርባና በእንፋሎት የበሰለው ቲንግሞ ዳቦ ይበላል። የካንግራ ሰው ኩራት ግን ዳም ነው፤ የሰርግና የበዓል ድግስ። የሚያበስሉት ቦቲ የሚባሉ ወንድ ወጥ ቤቶች ናቸው፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እሳቱ የሚነደው በረጅም ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ድስቱ አፈ ጠባብ የነሐስ ነው። እንግዳው መሬት ላይ በሰልፍ ይቀመጥና ከቅጠል የተሰፋ ሳህን ይቀርብለታል። ሩዙ ይቀድማል፣ በእርጎ የተሠራው የሽምብራ ማድራ ይከተላል። ሥጋም ሽንኩርትም የለበትም። ለጾመኛ ሰው ግን አይሆንም፤ እርጎና ቅቤ ሞልቶበታል።

አካባቢው

ባይጅናት በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የሺቫ ቤተ መቅደሱ የድንጋይ ጽሑፍ ስላለው ዕድሜውን መገመት አያስፈልግም፤ በ1204 አሁካና ማንዩካ የሚባሉ ሁለት ነጋዴ ወንድማማቾች አሠሩት። ሰዉ ከዚያ በፊት በፓንዳቫዎች፣ በጥንቱ የህንድ ተረት ጀግኖች፣ የተጀመረ ነው ይላል፤ ለአፈ ታሪክ እንተወው። የ1905ቱን መንቀጥቀጥ ተጎድቶም ቢሆን ተቋቁሟል። ሌላው ህንድ በዳሴራ በዓል የተረቱን የአጋንንት ንጉሥ የራቫናን ምስል ሲያቃጥል ባይጅናት አታቃጥልም። ራቫና ሺቫን እዚህ ስላመለከ ነው ይባላል።

በጥድ ጫካ ውስጥ ያለው የፓልፑንግ ሸራብሊንግ ገዳም በ1975 ተመሠረተ። መነኮሳቱ በዜማቸው በ2004 የግራሚ ሽልማት ወስደዋል። ያንን የሰማ ሰው ሲሄድ ዝምታ ነው የሚያገኘው፤ ዜማው በጸሎት ሰዓት ነው።

በፀደይና በመኸር ጋዲ የተባሉት እረኞች በጎቻቸውን ይዘው በመንደሩ ያልፋሉ። ሙቀቱ ሲመጣ ከተራራው ማዶ ወዳለው ግጦሽ ይወጣሉ፣ ብርዱ ሲብስ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ወፍራም የሱፍ ካባቸውን ከጥቁር ሱፍ በተገመደ ረጅም ገመድ ወገባቸው ላይ ደጋግመው ይጠመጥሙታል። ከገመዱ በላይ የሚተርፈው ልብስ ኪስ ይሆናል፤ መንገድ ላይ የተወለደ ግልገል አንገቱን አውጥቶ የሚጓዘው እዚያ ውስጥ ነው።

ለሚሄድ ሰው

ከዴልሂ ማታ የሚነሳ አውቶቡስ 12 ሰዓት ያህል ተጉዞ ጠዋት ያደርሳል። አንዳንዱ የሚያወርደው ቢር ሮድ በሚባለው መገንጠያ ላይ ነው፤ ከዚያ ታክሲ ይያዛል። አውሮፕላን ለሚመርጥ ጋጋል አየር ማረፊያ አለ፤ ከቢር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ደመና ሲሆንም በረራው ይሰረዛል። የውጭ አገር ሰው ሆቴል ሲገባ ፓስፖርትና ቪዛ ይጠየቃል፤ ባለሆቴሉ ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ነው። የህንድ ሰው ለአንድ ስኒ ሻይ እንኳ በስልክ ነው የሚከፍለው፤ የህንድ ባንክ የሌለው እንግዳ ጥሬ ሩፒ ቢይዝ ይሻለዋል።

ለመብረር ጥሩው ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ከዚያም ከማርች እስከ ጁን ነው። ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በዝናቡ ምክንያት በረራ በሕግ የተከለከለ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት አልጋ ይረክሳል፣ የሩዙ ማሳ አረንጓዴ ይሆናል፣ ተራራው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በጉም ሊሸፈን ይችላል። መንገዱ በናዳ ስለሚዘጋ ለመመለሻ አንድ ሁለት ትርፍ ቀን መያዝ ነው።