የኮሌራ ሕክምና ማዕከል

የኮሌራ ሕክምና ማዕከል ወረርሽኝ በተነሳበት ቦታ፣ በድንኳን ወይም ለጊዜው በተለቀቀ ትምህርት ቤት፣ ሕሙማንን ለይቶ ለማከም የሚከፈት ጣቢያ ነው። በኢትዮጵያ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ዞን የተነሳው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ሲዛመት እንዲህ ያሉ ማዕከላት በየቦታው ተከፍተዋል። በ2015 ክረምት የበርሚል ጊዮርጊስ ጠበልተኞች የተያዙበት የቋራ ወረዳም አንዱ ነው።

ኮሌራ የሚገድለው ፈሳሽ በማሟጠጥ ስለሆነ ታማሚው እንደገባ ድርቀቱ ይለካል። መጠጣት ለሚችል ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ይበቃዋል፤ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ያላለቀው ይደፋል። ዓይኑ ለሰረጎደና የእጁ ትርታ ለጠፋ ግን ሪንገር ላክቴት የተባለው ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥር በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.5 ሊትሩን በ30 ደቂቃ፣ ቀሪውን 3.5 ሊትር በሁለት ሰዓት ተኩል መጨረስ አለበት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በኪሎ የሚደርሰው ያው ነው፣ ጊዜው ግን 6 ሰዓት ይሆናል። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው፦ ጨው የሌለው ግሉኮስ ይሰቀላል፣ ወይም ሪንገሩ በቀጭን መርፌ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፣ ወይም ሌሊት የተሰቀለው ከረጢት ባዶ ሆኖ ያድራል። አንቲባዮቲክ ሕመሙን ያሳጥር ይሆናል እንጂ ፈሳሽን አይተካም። ሳይታከም ከታማሚዎቹ እስከ ግማሹን የሚፈጀው ከባድ ኮሌራ፣ በወጉ ሲታከም ከ1 በመቶ በታች ይገድላል።

አልጋው መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ከሥሩ ክሎሪን የተጨመረበት፣ ሊትር የተሰመረበት ባልዲ ይቀመጣል። የወጣው ተነብቦ ያንኑ ያህል ይተካል።

የክሎሪን ብጥብጡ በጥንካሬው ሦስት ዓይነት ነው። ባለ 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት ከሆነ፣ ለትውከት፣ ለሰገራና ለአስከሬን 30 ግራም በ1 ሊትር፤ ለወለልና ለአልጋ 30 ግራም በ10 ሊትር፤ ለእጅ 7 ግራም በ10 ሊትር ይበጠበጣል። በርሜሎቹ ካልተጻፈባቸው መምታታቱ አይቀርም። በብረት ዕቃ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ ብጥብጥ ስለሚደክም በየቀኑ ይታደሳል።

ለአንድ ታማሚ በቀን 60 ሊትር ውኃ ይታሰባል፤ 50 አልጋ 3,000 ሊትር ነው፣ አስታማሚዎቹን ሳይጨምር። ቦቴው አንድ ቀን ከቀረ ማዕከሉ ራሱ በሽታ አዛማች ይሆናል። አስታማሚ ለአንድ ታማሚ አንድ ብቻ ይፈቀዳል፣ ሲወጣም ታጥቦ ነው።

ሩቅ ቀበሌ ያለ ሰው ማዕከሉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በየቀበሌው ኦአርኤስ የሚያጠጣና ከባዱን ለይቶ የሚልክ ጣቢያ አብሮ ይከፈታል፤ ታማሚውም በጉዞው ላይ እየጠጣ ይመጣል።